ክዳኑ ላይ 40፣ ብረቱ ላይ 30፦ የጀልባ ሞተር የምትገዙ ተጠንቀቁ

ጣና፣ ሐዋሳም ሆነ ጫሞ ላይ የምትሠሩ ባለ ጀልባዎች፣ ንዴቴ ሳይበርድ ይቺን ልጻፍላችሁ። ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን ሳትጨርሱ ብር አታውጡ።

ነጋዴውን ታውቁታላችሁ። ሻይ ያስመጣል፣ "ከዱባይ ገና መግባቱ ነው" ይላል፣ ጓሮው ውስጥ ውኃ የሞላ በርሜል አለው። ሞተሩን በርሜሉ ጠርዝ ላይ ያስርና ገመዱን ይስባል። ውኃው አረፋ ደፍቆ ይገነፍላል፣ ጓሮው በጭስ ይታፈናል። "ድምፁን ስማው! 40 ፈረስ ማለት ይሄ ነው!" በርሜል ውስጥ እኮ የ15ም ሞተር ያጓራል። የፈረስ ጉልበት የሚታወቀው ሞተሩ ሸክም ይዞ በምን ያህል ኃይል፣ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ሲለካ ነው። በጆሮ አይለካም።

አምኜው ገዛሁትና ባሕር ዳር ወስጄ ጀልባዬ ላይ አሰርኩት። መንገደኛ ጭኜ ወደ ዘጌ ስነሳ ጀልባዋ አፍንጫዋን ቀስራ ውኃ ስታርስ ሄደች። የድሮው 40 ያንኑ ሰው ይዞ ብድግ ያደርጋት ነበር። መካኒኬ ሞተሩን ከጀልባው ጋር የሚያስረውን ብረት በቤንዚን ጨርቅ ጠረገው። ቀለም የተቀባች ትንሽ ፕሌት ወጣች፦ 22.1 ኪሎዋት።

አንድ የፈረስ ጉልበት 0.7355 ኪሎዋት ነው፤ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ደግሞ 0.7457። 40 ቢሆን ኖሮ ፕሌቱ 29.4 ይል ነበር። 22.1ን በፈለጋችሁት አካፍሉት፣ 30 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ።

ሞተሩን መኪና ላይ አስጭኜ ተመለስኩ። የገዛሁ ቀን "አባቴ፣ አባቴ" ሲለኝ የነበረው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "ምን ነበር?" አለኝ። የፕሌቱን ፎቶ አሳየሁት። ጓደኛውን ጠራ። "ና እስቲ፣ ፋዘር ፊዚክስ ሊያስተምሩን ነው የመጡት።" ተሳሳቁ። ከዚያ ለኔ፦ "ኪሎዋቱ የሚለካው ፕሮፔለሩ ጋ ነው፣ ፈረሱ ደግሞ ሞተሩ ጋ። መሃል ላይ ይጠፋል።"

ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ የአሜሪካ ሞተር ሠሪዎች ጉልበቱን ክራንክሻፍቱ ላይ፣ ማለት ፒስተኖቹ በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ ነበር የሚለኩት፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ወደ ፕሮፔለሩ ዘንግ የዞሩት። ዛሬ አይኤስኦ 8665 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃም አለው። ስለዚህ የድሮ 40 ከአዲስ 40 ጋር ቢበላለጥ አይገርምም። ኪሎዋትና ፈረስ ግን አንዱ ኪሎ ሌላው ፓውንድ እንደማለት ነው። በማርሽ መሃል ጥቂት ይጠፋል እንጂ ሩቡ አይጠፋም።

ባለቤቱ ከውስጥ ወጣ። እሱ የበለጠ ብልጥ ነው። "ጣና እኮ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ምን ያድርግ?" ይሄም እውነት አለው፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እንዲህ ዓይነት ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። እውነተኛው 40 ጣና ላይ ወደ 33 ይወርዳል፣ የኔው 30 ደግሞ ወደ 25። ለዚህ ነው ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር የምናስርለት። ግን ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ፕሌት ላይ የተመታ ቁጥር ይቀይራል እንዴ?

ይሄን እየነገርኩት ክዳኑ ላይ ያለውን የ40 ስቲከር ጠርዝ በጥፍሬ አነሳሁት። ከሥሩ የሌላ ስቲከር ጥላ አለ። ቀለሙ ፀሐይ ያልነካው፣ ጥርት ያለ 3። ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ልጁ መጣና ስቲከሩን በአውራ ጣቱ ተጭኖ መልሶ ለጠፈው። "አይላጡት ፋዘር፣ ሲሸጡት ይጠቅምዎታል።"

እንዲህ ነው ያለኝ። ሳያፍር። እኔም ሄጄ ሌላውን እንድበላ እየመከረኝ ነው።

ብሬን ብዬ ጮህኩ። ባለቤቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በአገጩ አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ደረሰኙን አወጣሁ። "የጀልባ ሞተር፣ 1" ነው የሚለው። 40 የሚል የለበትም፣ ሴሪያል ቁጥርም የለበትም። "40 ብዬ ጽፌልሃለሁ?" አለኝና ወደ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ክዳኑን ተዉትና ብረቱ ላይ ያለችውን ፕሌት ፈልጉ። ቀለም ከተቀባች አስጠርጉ። ኪሎዋቱን ለ0.7355 አካፍሉ። ፕሌት የለውም ካሏችሁ ውጡ። ከተስማማችሁም ጉልበቱንና ሴሪያሉን ደረሰኙ ላይ ሳታስጽፉ አትክፈሉ። ሱቁ የት እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።