ስምንት ወር ከኪስ አልትራሳውንድ ጋር

ሻጩ ስልክ አያነሳም ብል ውሸት ነው። ያነሳል። አልትራሳውንዱ ሞቆ ተዘጋብኝ ብዬ ስደውል የሚመልስልኝ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ እስቲ ትንሽ ያሳርፉት።»

ሀዋሳ ያለችኝ ክሊኒክ ትንሽ ናት። የመገጣጠሚያ ሕመምና ኳስ ሜዳ ላይ የተጎዱ ልጆች ይበዙባታል። ስልክ ላይ የሚሰካ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ አልትራሳውንድ የገዛሁት ለነሱ ነው። ፕሮቡ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈው ክፍል፣ ሊኒየር የሚባለው ነው፣ ቀጥ ያለው። እርግዝና የሚታይበት ጎባጣው ጥልቅ ቢያይም ለጅማት ምስሉ ይደበዝዛል። የኔው የድምፅ ሞገድ እስከ 12 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ምስሉ ጥሩ ነው፣ ጄል ይበላል። በቃ።

ወደ ንዴቴ ልመለስ።

መጋቢት፣ ከሰዓት በኋላ። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር የሚሮጡ አንድ ጋሼ እያነከሱ ገቡ። «ባቴን ከኋላ በድንጋይ የመቱኝ መሰለኝ። ዞር ብል ማንም የለም» አሉኝ። እንዲህ የሚል ሰው ሲመጣ የባት ጡንቻ መቀደድ ነው የምጠረጥረው። ግን ሁለት ቀን ወጌሻ ጋ ታሽተዋል፣ ባታቸውም ተነፍቷል። ያበጠ ባት ደግሞ ደም መላሽ ሥር ውስጥ የረጋ ደምም ሊሆን ይችላል። እሱን ማሸት ቀልድ አይደለም።

ከብሽሽት ጀምሬ እስከ ጉልበት ኋላ ሥሩን በፕሮቡ ጫን ጫን አደረግኩት። ደም የረጋበት ሥር ሲጫኑት እሺ አይልም፤ የሳቸው ግን ጭምቅ ብሎ ይጠፋል። ተንፈስ አልኩ። ወደ ባት ወረድኩ። በሁለቱ ጡንቻዎች መሃል ስስ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፣ የፈሰሰ ደም። የተቀደደበትን ጫፍ ልለካ ስል ስክሪኑ ቀጥ አለ። «መሣሪያው ሞቋል።»

ጋሼ ጄል እንደተለቀለቁ በሆዳቸው ተኝተዋል። «ዶክተር፣ ካርዱ አልቆ ነው?»

ፕሮቡን መስኮት ላይ አስቀምጬ በካርቶን አራገብኩለት። ያየኝ ሰው ከሰል የማቀጣጥል ነው የሚመስለው። ሩብ ሰዓት!

ፍትሐዊ ልሁን። ቆዳ የሚነካው ጫፍ ከ43 ዲግሪ እንዳያልፍ ዓለም አቀፍ መስፈርቱ ያዛል። ራሱን መዝጋቱ ትክክል ነው። ሻጩ ግን ኤሲ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ለሦስት ደቂቃ አሳይቶኝ «ባትሪው ቀኑን ሙሉ አያልቅም» አለኝ። ወንድሜ፣ ጠፍቶ እየዋለ ምን ይጨርሰዋል? «ኤምአርአይን ይተካል» ማለትህንም አልረሳሁም። አልትራሳውንድ የሚያየው በድምፅ ነው፣ ድምፅ ደግሞ አጥንትን አያልፍም። ጉልበት ውስጥ ያለውን መስቀለኛ ጅማት ማየት ካለብኝ አሁንም ኤምአርአይ ነው የምጽፈው።

ከሙቀቱ የባሰው ግን የሚያመጣብኝ ጥድፊያ ነው። ሳይዘጋብኝ ልጨርስ እያልኩ እጄ ይፈጥናል። ጅማት ደግሞ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ካልመታው ጠቁሮ ይታያል፣ የተቀደደ ይመስላል። ባለፈው የአንድ በረኛ ልጅ ትከሻ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አየሁ። ስድስት ወር ታርፋለህ ልለው አፌን ከፍቻለሁ። ፕሮቡን ለአመል ያህል ዘንበል ሳደርገው ጅማቱ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ቀዳዳ የለም። ልጁ ምንም አላወቀም፣ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

አሁን ከሰዓት ቀጠሮ አልሰጥም። ጠዋት እሠራለሁ፣ ፕሮቡ እንዳይሞቅ ጄል እየቀባሁም ሆነ እያወራሁ ምስሉን አቆመዋለሁ። ክሊኒክህ ቆላ ከሆነ አትግዛ። «ታዲያ ለምን አትሸጠውም?» ይሉኛል። ገዢም መጥቶ ነበር። ዋጋ ስንነጋገር ጋሼ ለክትትል ገቡ፣ ማንከሱ ቀርቷል። አልጋው ላይ ወጥተው ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ስክሪኑን ወደ ራሳቸው አዞሩት።

«በል እንይ። ዛሬስ ካርድ ሞልተሃል?»