ዴክ ወይስ ፍላሽ? 3500 ብር ከስሬ የተማርኩት

"ስማ፣ ያን የቪዲዮ ቤት ፊልም እንደ ድሮው ማየት አማረኝ፤ ምን ልግዛ?" ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ብቻ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት እንጃ። ጠያቂዎቼ አብሮ አደጎቼ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ላይ ከትምህርት ቤት እየፎረፍን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ አክተሩ የክፉዎቹን አለቃ፣ ቦሱን፣ ሲጥለው ጣራው እስኪነሳ ያጨበጨብን ልጆች። አሁን ሁላችንም ደመወዝተኞች ሆነናል፤ ናፍቆት ደግሞ ኪስ ያራግፋል። እናም አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ እኔ የዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ሰው ነኝ። አላዳላም ብዬ አልዋሽም።

በርካሹ እንጀምር። ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ 450 ብር ገዛሁ፣ ፊልም ለሚጭነው ልጅ 100 ብር ሰጠሁት፤ 550 ብር፣ ሠላሳ ፊልም፣ አለቀ። ምስሉ ከዴክ በብዙ ይጠራል፤ ይህን የሚክድ ካለ ዓይኑን ይታይ። ግን ሠላሳውን ይዤ አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁም። አሥር ደቂቃ አይና ወደሚቀጥለው፣ እንደገና ወደሚቀጥለው። ሌላም ነገር አለ። ያኔ በካሴት ያየናቸው ብዙዎቹ ፊልሞች ለድሮው ቴሌቪዥን እንዲመቹ ግራና ቀኛቸው የተቆረጠ ነበር። በፍላሹ ሙሉው ስፋት ሲመጣ፣ በቃሌ የማውቀው ድብድብ ላይ ዳር ቆሞ የሚያይ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እዚያ ቆሞ ኖሯል! ደስ አላለኝም። የኔ ፊልም ውስጥ እሱ የለም።

ዲቪዲውን ባጭሩ፦ አትግዙ። ማጫወቻው ርካሽ ነው፣ ግን ዲስኩን የሚያነበው ዓይኑ ሲደክም ማስቀየሪያው አዲስ ከመግዛት አይሻልም። ሰፈር ውስጥ የተቀዱት ዲስኮች ደግሞ ቀለማቸው እየለቀቀ፣ አክተሩ ልክ ሊተኩስ ሲል ምስሉ ደርቆ ይቀራል። የፍላሽ ጥራት የለው፣ የካሴት ትዝታ የለው።

አሁን ወደ ዴኩ። የመጀመሪያውን የገዛሁት ባሕር ዳር ለሥራ ሄጄ ነው። ማርቆስ ላይ 3000 ሲሉኝ የከረሙትን ዕቃ አንድ ደላላ "ከአሜሪካ የመጣ ነው" ብሎ በ1500 ሲያሳየኝ ልቤ ጠፋ። "ወንድሜ፣ ሞክሬዋለሁ፣ አንዳች እንከን የለውም" አለኝ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እዚያው ማየት አልቻልንም። ሶኬቱ እንደኛው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ነው፤ ምን ብዬ ልጠርጥር? ጭኔ ላይ ታቅፌው በዳንግላ፣ በኮሶበር፣ በቡሬ አድርጌ ማርቆስ ገባሁ። ማታ ሰካሁት። ጧ! አለ። ከዚያ ጭስ።

ጠጋኙ ጋሼ ገልበጥ አድርገው ከኋላው ያለችውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩኝ። "ልጄ፣ ይቺን ሳታነብ ነው የሰካኸው?" 120 ቮልት ትላለች። ሰዎቹ የአሜሪካውን ጠፍጣፋ ሶኬት ቆርጠው የኛን ቀጥለውበታል። የኃይል ክፍሉን ለማስጠገን 900 ብር፣ ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር 1100 ብር። ከመግዣው ጋር 3500 ሞላ። በመጨረሻ በራ፣ እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ካሴቴን ሳስገባ ግን ምስሉ ይንጋደዳል፣ ይሮጣል። የአሜሪካ ዴክ የሚያነበው ኤን ቲ ኤስ ሲ የሚባለውን የምስል ሥርዓት ነው፣ እኛ ጋ ያሉት ካሴቶች ደግሞ ፓል ናቸው። በሦስተኛው ቀን ካሴቱን በላው። ክሩ ሆዱ ውስጥ ተጠምጥሞ በመቀስ ነው የወጣው።

ሁለተኛውን እዚሁ ማርቆስ አንድ ቤተሰብ ዘንድ አገኘሁት። ዳንቴል ለብሶ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። የቤቱ እመቤት 3800 አሉኝ። "እትዬ፣ 3500 ያድርጉልኝ" ብላቸው "ልጆቼ ያደጉበት ነው፣ አልቀንስም" አሉ። ሰክተው፣ ካሴት አስገብተው፣ ቡና እያፈሉ ግማሽ ፊልም አሳዩኝ። ከፈልኩ። ይኸው ሁለት ዓመቱ፤ ያወጣሁበት 250 ብር ለላስቲክ፣ 120 ብር ለመጥረጊያ አልኮል ብቻ ነው። 4170 ብር መሆኑ ነው። የርካሹ 3500 አንድም ፊልም አላሳየኝም።

ስለዚህ ስትገዙ ከሁሉ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ሶኬት አያሳምናችሁ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ፓል። ፓልንም ኤን ቲ ኤስ ሲንም የሚያነብ ከሆነ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ላላችሁ ሰዎች ከ500 እስከ 700 ብር ብትጨምሩበት አይቆጭም።

"አዲስ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም" የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ዋጋ አትጨምሩ። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ያልተከፈተው ካርቶን ውስጥ ያለው ዴክ ዝም ብሎ ያረጀ ነው። ላስቲኩ ሳይሠራም ይደርቃል፣ ወይ ይቀልጥና እንደ ማር ይጣበቃል። ሲሠራ የከረመ ዴክ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ምስሉ በረዶ የሚመስል ከሆነ ሻጩ "ሄዱ ቆሽሾ ነው፣ ይጠረጋል" ይላችኋል፤ ሄድ የሚሉት ክሩን የሚያነበውን ክፍል ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሄዱ አልቆም ሊሆን ይችላል። እዚያው ያስጠርገውና ያሳያችሁ፤ እምቢ ካለ ሂዱ። ቤት ስትጠርጉ ጥጥ አትጠቀሙ፣ ቃጫው ሄዱ ላይ ይቀራል። ለስላሳ ቆዳ በንጹሕ አልኮል ነክራችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ወደ ጎን ብቻ። ወደ ላይና ወደ ታች ካሻችሁት ሄዱ ይሰበራል። የጎጃም አረቄም አይሆንም፣ የቱንም ያህል ቢያቃጥል ውሃ አለበት። አንድ ጓደኛዬ ሞክሮት ዴኩን አበላሸ፣ የተረፈውን አረቄ ጠጣው።

ካሴት ላይ እኔ ለአንዱ ከ50 እስከ 150 ብር ከፍያለሁ። 400 ለሚሏችሁ "ኦሪጅናል" ጀርባውን እዩ። ባዶ ካሴት ላይ እንዳይቀዳበት የምትሰበር ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ተሰብራ ሻካራ ጠርዝ ከተረፋት፣ ባዶ ካሴት ላይ የተቀዳ ኮፒ ነው። ፋብሪካ የቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻውም ጥርስ የለውም። "ሦስት ፊልም በአንድ" ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ፍጥነት የተቀዳ ነው፤ አንዳንድ ዴክ ጭራሽ አያነበውም። ከባሕር ዳር የምትገዙ ደግሞ በካሴቱ መስኮት ክሩን እዩት፤ የጣና እርጥበት ነጭ ሻጋታ ያበቅልበታል። የሻገተ ካሴት አንዴ ከገባ ሄዱንም ቀጣዩን ካሴትም ይበክላል። የኛ የማርቆስ ችግር ብርዱ ነው። ዴኩን ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት እንዳስገባችሁ አትክፈቱት፤ ውስጡ ጤዛ ይይዝና ክሩ ይጣበቃል። አንድ ሁለት ሰዓት ይረፍ።

ቴሌቪዥናችሁ ጠፍጣፋ ከሆነና ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ ከሌለው የዴኩን ምስል ለምታስማማው መቀየሪያ 700 ብር ያዙ። እኔ ሆዱ የወጣውን የድሮ ቴሌቪዥን በ800 ገዛሁ። ሚስቴ እስካሁን ሰበብ እየፈለገች ታነሳብኛለች።

ፖስተርም የምትጠይቁኝ አላችሁ። አንዱ ሻጭ የብሩስ ሊ ፖስተር "የዘመኑ ኦሪጅናል ነው" ብሎ 900 ብር ወሰደብኝ። ፖስተሩ ላይ ያለው ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973፣ ብሩስ ሊ በሞተበት ዓመት ነው። ቤት ገብቼ ስዘረጋው ታች ጥግ ላይ በደቃቁ የኢንተርኔት አድራሻ ተጽፎበታል። በ1973! የያኔው የአሜሪካ ሲኒማ ፖስተር ወደ 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሲኒማ ቤት የሚላከውም ታጥፎ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ የእጥፋት መስመር አለበት። የሚያብረቀርቅና አንድም መስመር የሌለበት ካያችሁ ባለፈው ወር የታተመ ነው። ለግድግዳ ብቻ ከሆነ 150 ብር ሰጥታችሁ አሳትሙ፣ ምንም ነውር የለበትም።

ልጆቹ እንዲያዩት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ፍላሽ ግዙና ብራችሁን አትርፉ። መጠገኛ ቤት መመላለስ የሚያናድዳችሁም እንደዚያው። የቀራችሁት ግን 4000 ብር ያዙ፣ ሰው ቤት ሲሠራ የነበረ ዴክ ፈልጉ፣ ቢበላም የማይቆጫችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። መብራት ከሌለ ብር አታውጡ፣ በማግሥቱ ተመለሱ።

ያንን የአሜሪካ ዴክ ጋሼ ለዕቃ መለዋወጫ በ400 ብር ገዙኝ። ከመስጠቴ በፊት ሶኬቱን ከሥሩ ቆርጬ አስቀረሁት።