ስምንት ወር ከ737 ጋር፦ ማንም ያላስረዳኝ ስዊቾች

ይህን አውሮፕላን ኮምፒውተሬ ላይ ላለው የበረራ ሲሙሌተር ከገዛሁት ስምንት ወር ሆነኝ። ቦይንግ 737-800 ነው። ክፍያውን ውጭ ያለች እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። ፋይሉን ለማውረድ ብቻ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ በረንዳ ላይ ቆሜ ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አያለሁ፤ ከዚያ ገብቼ የራሴን አስነሳለሁ።

ስለ አበራረሩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ቦሌ ከባህር ወለል ወደ 7,600 ጫማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ነዳጅና ሰው ሞልተህ ስትነሳ ማኮብኮቢያው ቶሎ ያልቃል፤ ይህን በደንብ ታየዋለህ። የሞተሩ ድምፅም ደስ ይላል። ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ከአብራሪዎቹ አናት በላይ ያለው ፓነል ነው።

ያ ፓነል ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዊች ነው። አብሮት የመጣው ማኑዋል ሞተር እስክታስነሳ የሚያስፈልጉህን ብቻ ይነግርሃል፦ ባትሪ፣ ኤፒዩ (ጭራው ውስጥ ያለው ትንሹ ረዳት ሞተር)፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ብሊድ (ከሞተር የሚወሰድ የታመቀ አየር)፣ ስታርተር። ስለ ሌሎቹ «እንዳሉ ተዋቸው» ብሎ ያልፋል። ለምን እንደምተዋቸው አይናገርም። ሁለት ወር ሙሉ እሺ ብዬ ተውኳቸው። ቅደም ተከተሉን በቃሌ ይዤ ነበር፤ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

የለወጠኝ የመብራት መጥፋት ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አብሮ ይሄዳል፤ በረራውም እዚያው ይቀራል። ሲመለስ እንደገና ሁሉም ነገር ከጠፋበት ከጨለመ ኮክፒት (ከአብራሪዎቹ ክፍል) እጀምራለሁ። በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ከባዶ ስትጀምር፣ የማትነካቸው ስዊቾች ዓይንህ ውስጥ ይገባሉ።

ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቡና ጠጥተን ስናበቃ ስክሪኑን አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሽፋን ያለው ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ሽፋኑን እየው ልጄ» አሉኝ። «ሽፋኑ ሲዘጋ ስዊቹን ራሱ ገፍቶ ወደ መደበኛው ቦታ ይመልሰዋል። ሽፋኑ ከተዘጋ፣ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው።»

ይህች አንዲት ነገር ግማሹን ፓነል ገለጠችልኝ። የባትሪው ሽፋን ሲዘጋ ባትሪው በርቷል። የአደጋ ጊዜ መውጫ መብራቶቹ ሽፋን ሲዘጋ መብራቶቹ በተጠንቀቅ ናቸው። ማኑዋሉ ይህን በአንድ መስመር ሊነግረኝ ይችል ነበር።

እኔ ግን ከዚያ በፊት በጉጉት አንዱን ከፍቼ ነክቼ ነበር። «ድራይቭ ዲስኮኔክት» ይላል። ወዲያው አንዱ ጄኔሬተር ጠፋ፤ ብመልሰው፣ ብጫነው እምቢ አለኝ። የፕሮግራሙ ስህተት መስሎኝ በጣም ተናድጄ ነበር። ጋሼ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስዊቹ ጄኔሬተሩን የሚያዞረውን ክፍል ከሞተሩ ይለየዋል፤ መልሶ የሚያገናኘው መሬት ላይ ያለ መካኒክ ብቻ ነው። ለካ አውሮፕላኑ ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሴ ዘዴ አለኝ። አንድ ስዊች ከመንካቴ በፊት የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ጄኔሬተሩ ላይ አድርጌ አምፔሩን አያለሁ። የመስኮት ማሞቂያውን ሳበራ ቁጥሩ ከፍ አለ፤ እውነተኛ ነው። የካቢኑን አየር መልሶ የሚያዘዋውረውን ፋን ሳበራና ሳጠፋ ግን ምንም ንቅንቅ የለም። ስዊቹ ይንቀሳቀሳል፣ ቀጭ ይላል፣ ከጀርባው ምንም የለም። እንዲህ ያሉ የሞቱ ስዊቾች እስካሁን አሥራ አንድ አግኝቻለሁ። ትልቁ ቅሬታዬ ይህ ነው። ባይሠሩ አልቀየምም፤ ሁሉን መሥራት ከባድ ነው። ግን የትኛው እንደማይሠራ ጻፉልን። አንድ ምሽት ሙሉ ያልተሠራ ነገር ለመረዳት ስደክም አድሬያለሁ።

ከሁሉ ያስተማረኝ የማረፊያ ከፍታ ማስገቢያው ነው፤ «ላንድ አልት» ይላል። ከጅቡቲ ወደ ቦሌ ስመለስ ለጅቡቲ ያስገባሁት ዝቅተኛ ቁጥር ላይ እንዳለ ረሳሁት። አውሮፕላኑ ቦሌ አረፈ፤ ካቢኑ ግን ገና ጅቡቲ ያለ ይመስለዋል። የአየር መውጫው ቫልቭ ሲከፈት የካቢን ከፍታ መርፌው፣ የውስጡን የአየር ግፊት በከፍታ የሚያሳየው፣ ሽቅብ ወጣ። እውነተኛ ሰው ቢኖርበት ጆሮው ይታመም ነበር። አሁን ወደ ቦሌ ስመጣ 7,600 ሳላስገባ መውረድ አልጀምርም። በነገራችን ላይ፣ አውሮፕላኑ በጣም ከፍ ብሎ ሲበር እንኳ የ737 ካቢን ከፍታ በመደበኛው ከ8,000 ጫማ አይበልጥም። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች ያው ቤታችን ነው።

ከጎኑ የግፊቱን አሠራር የሚመርጠው ስዊች አለ። እሱን ሳነብ ደነገጥኩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 የቆጵሮሱ አየር መንገድ የሄሊዮስ 737 ከላርናካ ተነስቶ ወደ አቴንስ ሲበር የወደቀው ከዚህ ስዊች ጋር በተያያዘ ነው። ከጥገና ፍተሻ በኋላ በእጅ አሠራር ላይ ቀርቶ ነበር፤ አብራሪዎቹ አላስተዋሉትም፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲወጣ ካቢኑ ውስጥ በቂ የአየር ግፊት አልነበረም። የማስጠንቀቂያው ጥሩምባ ሲጮኽም ለመነሳት ዝግጅት ጉድለት የሚጮኸው መሰላቸው፤ ድምፁ አንድ ነው። 121 ሰው ሞተ። ማኑዋሉ «እንዳለ ተወው» ከሚላቸው አንዱ ይህ ነው። እኔ ሁልጊዜ ጣቴን ወደ ስክሪኑ ዘርግቼ «አውቶ» ብዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ብትገዙት ትከስሩ ይሆን? እኔ አልከሰርኩም። ግፊቱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ነዳጁ በደንብ የተሠሩ ናቸው። ለጀማሪ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ደብተርና ትዕግስት ያስፈልገዋል። የእኔ ደብተር ሁለተኛው ላይ ደርሷል። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ስዊች አለ፦ ምን ይመግበዋል፣ የትኛው መብራት ይመልስለታል፣ ሲጠፋ ማን ይጎዳል። አሁን ያለሁት የመሣሪያ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። «ኖርማል» እና «ኦልተርኔት» ይላል፤ ብቀያይረው ልዩነት አላየሁም። የሞተ ይሁን ወይስ እኔ የት እንደማይ ሳላውቅ ቀርቼ፣ ቅዳሜ ጋሼን እጠይቃለሁ።