የመሪ ሾክ በሃርድቶፕ ላይ፦ ከፋሲካ እስከ ጥምቀት የታዘብኩት

ፍርዴን ላስቀድም። ሃርድቶፔ ላይ ያስገጠምኩት ከባድ የመሪ ሾክ አብዞርበር፣ ማለትም መሪው ከመንገዱ ምት እንዳይራገብ የሚያፍነው ዕቃ፣ ጥሩ ነው። የተገጠመው ከፋሲካ በኋላ ነው። ክረምቱንና የቡናውን ወቅት አልፎ ጥምቀት ላይ ደርሷል። ኮረኮንች ላይ እጄን አሳርፎልኛል። ግን "መሪዬ ይንቀጠቀጣል፣ ይህን ብገጥም ይተወኛል ወይ?" ለሚለኝ ሁሉ መልሴ "አይተውህም" ነው። የሚተወው ፊቱ ላይ የላላው ሌላ ነገር ሲጠገን ነው። ስለዚህ ስለ ሾኩ ስጽፍ ስለዚያ ሌላ ነገርም ብዙ መናገር አለብኝ።

መኪናዬ ላንድክሩዘር 78 ነው፤ ረጅሙ ሃርድቶፕ፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር። የፊቱ ሞላ ነው። ቶዮታ በዚህ ሞዴል የፊቱን ባሌስትራ (የተደራረበውን የብረት ዝርግ) በጥምዝምዙ ሞላ የተካው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ሞላም ይሁን ባሌስትራ ግን የፊቱ አክስል ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም እሱ ነው።

ሥራዬ ከባሌዋ ደሎ መና ቡናና ማር ማምጣት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በዲንሾ አድርጌ ጎባ እደርሳለሁ። እስከዚያ አስፋልት ነው። ከጎባ በኋላ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ጫካ የሚወርደው ጠጠር መንገድ ይጀምራል። ሳነቴ ላይ መንገዱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። መኪና እዚያ ምን እንደሚደርስበት የሄደበት ያውቀዋል።

መንቀጥቀጡ ራሱን ያሳየው ግን አስፋልት ላይ ነው። ከኋላ ጭነት አለ። ፍጥነቱ ከ80 ትንሽ ከፍ ብሏል። አንዱ የፊት ጎማ የድልድይ መጋጠሚያ ወይም ትንሽ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ እየተነጠቀ ግራ ቀኝ መራገብ ይጀምራል። ዳሽቦርዱ፣ መስታወቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በራሱ አይቆምም። እግርን ከነዳጁ አንስቶ፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ፣ ቀስ እያሉ ፍጥነቱን ማውረድ ብቻ ነው ያለው። በድንገት ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል። አብሮኝ የነበረው ረዳት "ጎማ ሊወጣ ነው" ብሎ በሩን ይዞ ነበር። አልፈርድበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሳይለዩ ነው። መሪው በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ሲጨምሩም ሲቀንሱም የሚተው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የጎማ ባላንስ ነው። በክረምት ደግሞ ከባላንስ በፊት ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ መኖሩን እዩ። እኔ ሐረናን በዝናብ ባለፍኩ ቁጥር ጎባ ላይ ቸርኬዎቹን ከውስጥ በኩል አሳጥባለሁ፤ መንቀጥቀጡም አብሮ ይታጠባል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ጉድጓድ ሲመታ ተነስቶ ፍጥነት ካልቀነሰ የማይቆመው ግን ሌላ በሽታ ነው። እሱ የሚመጣው አንድ ወጥ የፊት አክስል ባላቸው መኪኖች ላይ ነው፤ ላንድክሩዘር 70፣ የድሮው ፓትሮል፣ ጂምኒ፣ ጂፕ ራንግለር። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት ፕራዶ በዚህ መልክ አያውቀውም። በወጥ አክስል ላይ የአንዱ ጎማ ምት በቀጥታ ወደ ሌላው ይሄዳል። መሃል ላይ የላላ ነገር ካለ ምቱ ይመላለሳል፣ ሲመላለስም ራሱን እየመገበ ያድጋል።

ሾኩን ወንድሜ ከዱባይ አመጣልኝ። የአውስትራሊያ ስሪት ነው። እዚህ የምናገረው ስለ ከባድ የመሪ ሾክ በጠቅላላው ስለሆነ ማርኩን አልጠራም። አንድ ጋራዥ "ሾኩን ብቻ ቀይር፣ ያልቅልሃል" ብሎኝ ነበር። ዕቃውን ይዤ የሄድኩት ግን ሃርድቶፕ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን ወደፈጁ መካኒክ ነው።

"ልጄ፣ ሾኩ አይሸሽም። መጀመሪያ ክሪክ አምጣ።"

"ጋሼ፣ ሾኩ ብቻ ይበቃል ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ማን እንዳለህ አላውቅም። እኔ ሳላይ አልገጥምም።"

ያዩበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ማንም ሰው ከጓደኛው ጋር ሊያደርገው ይችላል። መጀመሪያ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ ሞተር ተነሳ። እኔ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ እያልኩ አወዛወዝኩ። እሳቸው ከሥር ተኝተው እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉትን መጋጠሚያዎች)፣ የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር የታሰረበትን ብሎን፣ የፓንሃርድ ባሩን ሁለት ጫፎች። ፓንሃርድ ባር አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ረጅም ዘንግ ነው። የእኔው ሻንሲው ጋ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ላሽቆ ነበር። መሪው በተወዛወዘ ቁጥር መጀመሪያ ዘንጉ ጎሚኒው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው አክስሉን የሚይዘው። በዓይን ይታያል።

ቀጥሎ ጎማው በክሪክ ተነሳ። ከላይና ከታች ይዘው ገፋ ሳብ አደረጉት። ኳ ኳ አለ። "ፍሬን ርገጥ" አሉኝ። ረገጥኩ። ድምፁ አልጠፋም። ፍሬን ሲረገጥ ልልነቱ ከጠፋ ችግሩ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ነው። ማወቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሆኖም ስንት ሰው ደህና የጎማ ኩሽኔታ አስቀይሮ መንቀጥቀጡን ይዞ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ኪንግ ፒን በዚህ መኪና ላይ ጎማው ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ነው። አክስሉ ጫፍ ካለው ትልቅ የብረት ኳስ ከላይና ከታች የተቀመጡ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ይይዙታል። እነዚህ ኩሽኔታዎች እንደ ጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር አይዞሩም። ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት ቀጥታ በሚኬድበት ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ እየተወዛወዙ ነው። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ጠጠር ላይ ሲኬድ ደግሞ ምቱ ሁሉ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የእኔዎቹ ሲወጡ የውጪው ቀለበት ላይ እያንዳንዱ ሮለር የቆመበት ቦታ በመስመር ጎድጉዷል። በጥፍር ይዳሰስ ነበር። በአንዱ በኩል ያለው ግራሶም ግራሶ መሆኑ ቀርቷል። የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) ስላለቀ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶ አቅጥኖታል። ኳሱ ላይ ከውጭ የሚታየው ቀጭን ቅባት ጤነኛ ነው። ጥቁር ዘይት ወደ ጎማው የሚወርድ ከሆነ ግን ውስጡን አስከፍታችሁ እዩ።

ኩሽኔታዎቹ ሲገጠሙ ሽም በሚባል ስስ የብረት ዝርግ ይስተካከላሉ። ጨርሶ ልል መሆን የለባቸውም። ተጨንቀው መቀመጥ አለባቸው፤ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ማኑዋሉ ላይ ተቀምጧል። የሚለካው የመሪ ዘንጉ ሳይያያዝ ጎማው የሚሰቀልበትን ክፍል በሚዛን ስቦ ነው። መካኒኬ የዓሣ ሚዛን የመሰለች መንጠቆ ያላት መለኪያ አላቸው። ይህ ጭንቀት ራሱ መንቀጥቀጥን የሚያፍን ሰበቃ ይፈጥራል። ፋብሪካው አስቦ ያስቀመጠው የመጀመሪያው አፋኝ ይህ ነው፤ ሾኩ ከሱ በኋላ የሚመጣ ነው። ኪንግ ፒኑ በላላ መኪና ላይ ከባድ ሾክ መግጠም የአንደኛውን ሥራ ለሁለተኛው መጫን ነው።

ሁለቱም ወገን ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲልና ግራሶ ተቀየረ። የፓንሃርዱ ጎሚኒዎችም ተቀየሩ፤ ከሶማሌ ተራ ኦሪጅናሉን ለማግኘት ተንከራትቻለሁ። አስመስለው የሠሩት ብዙ ስለሆነ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጎማዎቹ ባላንስ ተደረጉ፣ አላይመንትም ታየ።

ከዚያ መካኒኬ ያደረጉት ነገር ከሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። የድሮውን ሾክ ፈትተው አዲሱን ሳይገጥሙ "ሂድና ሞክረው" አሉኝ። ትራፊክ በሌለበት ሰዓት፣ ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሬ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ ሞከርኩት። የድልድይ መጋጠሚያም ላይ ወጣሁ። መሪው ምቱን ነገረኝ፣ አንዴ ነቀነቀና ተወ። ጤነኛ ፊት ያለ ሾክም መቆም አለበት። ያለ ሾክ የሚራገብ ከሆነ ሾኩ የሚሠራው በሽታውን መሸፈን ነው፤ በሽታው ደግሞ ከሥር ማደጉን አይተውም።

አሁን ወደ ዕቃው። የመሪ ሾክ ከጎማው ሾክ በሁለት ነገር ይለያል። ሲጫንም ሲሳብም እኩል ይከብዳል፤ አለበለዚያ መሪው ወደ አንድ ጎን ይቀለዋል። ተጋድሞ ስለሚሠራም ለዚያ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ስትገዙ ዘንጉን ግፉትና ልቀቁት። በራሱ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ በጋዝ የተሞላ ነው፣ መሪውን ወደ አንድ ወገን ሊገፋው ይችላል። የእኔው በገፋሁበት ይቆማል። ከመግጠማችን በፊት አየሩ እንዲወጣ ደጋግመን ገፍተን ሳብነው።

ጠጠር ላይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳነቴ ላይ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ድሮ መሪው ይመታኝ ነበር። አሁን ምቱ ደንዝዞ ነው የሚደርሰኝ። ደሎ መና ስደርስ ትከሻዬ እንደ ድሮው አይደነዝዝም። ቡና ጭኜ ስመለስም ቁልቁለቱ ላይ መሪው የተረጋጋ ነው። ጭነት ኋላውን ሲያወርደው ፊቱ ይቀላል፣ የኪንግ ፒኑ ማዕዘንም ይለወጣል። መኪናው ጭኖ ሲሄድ ይብስበት የነበረውም ለዚህ ይመስለኛል።

የማልወድለት ነገርም አለ። ከተማ ውስጥ መሪው ከብዷል። መገናኛ አካባቢ ስታጠፉና ስትለቁት እንደ ድሮው ቶሎ ወደ መሃል አይመለስም፤ በእጅ መመለስ አለበት። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት መንዳቱን ትታዋለች፤ ልክ ናት። ሳነቴ ላይ በውርጭ ጠዋት ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ መሪው እንዲያውም ግትር ይላል። ደግሞም ከመንገዱ የሚመጣውን ወሬ ይቀንሳል። ቴስቲና ሲላላ ቀድሞ የሚናገረው መሪው ነበር፤ አሁን አይናገርም። ስለዚህ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ያንን የመወዛወዝ ፍተሻ አስደርጋለሁ።

ከወራት በኋላ ገላው ላይ የጠጠር ምት አለ፣ ቀለሙም ተልጧል። ዘይት ግን አላንጠባጠበም። የጫፎቹ ጎሚኒ አንዱ መሰንጠቅ ጀምሯል። በዚህ መንገድ ላይ ያልጠበቅኩት አይደለም፣ ግን ከዋጋው አንፃር ቶሎ ነው።

ሰው "ታዲያ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሾክ ይቀይሩ የለም ወይ?" ይለኛል። አዎ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የጂፕ አምራች ለአዲሱ ራንግለር መንቀጥቀጥ አዲስ የመሪ ሾክ በነፃ እቀይራለሁ ብሎ ነበር። ያ ግን ገና ያላረጀ መኪና ነው። የእኛ አገር ሃርድቶፕ ብዙ ዓመት ኮረኮንች የበላ ነው። አዲስ መኪና ላይ የተባለውን ወስዶ እዚህ ማድረግ አያስኬድም።

ሞላ ቀይራችሁ መኪናውን ከፍ ያደረጋችሁ ደግሞ ሌላም ነገር እዩ። ከፍ ሲል የኪንግ ፒኑ ወደ ኋላ ያለው ጋደል ማለት ይቀንሳል፣ መሪው ወደ መሃል የመመለስ ኃይሉን ያጣል። የፓንሃርድ ባሩም አክስሉን በትንሹ ወደ ጎን ይገፋዋል። ማዕዘኑን የሚመልስ ጎሚኒና ርዝመቱ የሚስተካከል ፓንሃርድ ባር አለ። እነዚያ ሳይደረጉ ከባድ ሾክ ቢጨመር የማይመለሰውን መሪ ጭራሽ ያዘገየዋል።

መግዛት ያለበት ማነው? ፊቱ ጤነኛ ሆኖ ብዙ ጊዜ ጠጠር ላይ የሚውል፣ ትልቅ ጎማ የገጠመ፣ ጭነት የሚጭን። ከአዲስ አበባ ብዙም ለማይወጣ ሰው ኦሪጅናሉ ይበቃዋል፣ መሪውም ይቀለዋል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሳታመነቱ ኪንግ ፒኑን አሠሩ። እኔ አሁን የተሰነጠቀውን ጎሚኒ አዝዣለሁ፣ ሾኩን ግን አልፈታውም። ከሚቀጥለው የቡና ጭነት በፊት ፊቱ እንደገና በክሪክ ይነሳል፣ የኪንግ ፒኑም ጭንቀት ይለካል፤ አዲስ ኩሽኔታ ትንሽ ከሠራ በኋላ ስለሚቀመጥ ላላ ሊል ይችላል።