የጀማሪ የቆዳ ሥራ ሳጥን፦ ለባሕር ዳር ጀማሪ የሚያዋጣው የቱ ነው?

የንግድ ስም የሌለው፣ ከቻይና የሚመጣው የቆዳ ሥራ ሳጥን ሲከፈት ዓይን ይሞላል። የዕቃው ብዛት እንደየሻጩ ይለያያል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሥራዎች የሚያስፈልገው ግን ከዐሥር አይበልጥም። እንደ ሹካ ጥርስ ላላቸው የቆዳ መብሻዎቹ ሲባል ቢገዛ ያዋጣል፤ ሌላውን እዚሁ በተሻለ ጥራት መሙላት ይቻላል።

ባለ 2፣ ባለ 4 እና ባለ 6 ጥርሶቹ መብሻዎች በየ4 ሚሊ ሜትሩ እኩል ይበሳሉ። በወስፌ እየገመቱ ይህን ያህል ማስተካከል ለጀማሪ ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ የወስፌ ቀዳዳ ክብ ስለሚሆን ስፌቱ አምሮ አይጋደምም። ጉድለታቸው የጥርሱ ጎን ሸካራ መሆኑ ነው። ቆዳው ውስጥ ይቀረቀራል፣ በጉልበት ሲስቡት ቀዳዳውን ይቀደዋል። መፍትሔው ከሥራ በፊት በቁጥር 400፣ ቀጥሎ በቁጥር 1000 ብርጭቆ ወረቀት ዘይት ጠብ አድርጎ እስኪያበራ መሞረድ ነው። ከመምታታችሁ በፊት ጫፉን ሰም ላይ ውጉት፤ ስታወጡ ቆዳውን በአንድ እጅ ተጭናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። መዶሻው የእንጨት ወይም የጎማ ይሁን። ሲሚንቶ ላይ መምታት ጥርሱን ይሰብረዋል፤ ከሥር ጣውላ፣ በላዩ ወፍራም ቁራጭ ቆዳ አንጥፉ።

ክሩ ለልምምድ ይበቃል። ሲያልቅ የጫማ ሰፊ ናይለን ክር ገዝቶ ሰም መቀባት ነው፤ ጎጃም የማር አገር ነውና ንጹሕ የንብ ሰም አይቸግርም። የሱቅ ሻማ ግን ፓራፊን ስለሆነ ክሩ ላይ ይፈረፈራል። ለ25 ሳንቲ ሜትር ስፌት አራት እጥፍ፣ ማለትም 1 ሜትር፣ ለመርፌዎቹ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምራችሁ ቁረጡ። በሁለቱም ጫፍ መርፌ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም መርፌዎች ከተቃራኒ ወገን ያልፋሉ። ሁልጊዜ ያው መርፌ ይቅደም፤ ቅደም ተከተሉ ከተለዋወጠ ስፌቱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያዘማል። ሁለተኛው መርፌ የፊተኛውን ክር ከወጋው ደግሞ አይፈታም። ስለዚህ ሁለተኛውን ስታስገቡ የፊተኛውን ክር ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ መስፋት፣ ክሩን 2 ሚሊ ሜትር አስቀርቶ መቁረጥና በላይተር ማቅለጥ ነው።

የጌጥ ማኅተሞቹ ብዙዎችን ያሳዝናሉ፤ ጥፋቱ ግን የቆዳው ነው። በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ የምናየው ያ ውብ ድጉሰት በብረት ተጭኖ የወጣ ነው፤ ጫና የሚይዘው ግን በዕፅ፣ ማለትም በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው፣ የለፋ ቆዳ ነው። ከጫማ ሰፊ የሚገኘው ቁርጥራጭ አብዛኛው ክሮም በሚባለው ኬሚካል የለፋ ስለሆነ ምልክቱ ቶሎ ይጠፋል። ለመለየት ቀለም ያልተቀባ ወገኑ ላይ የውኃ ጠብታ ጣሉ፦ በዕፅ የለፋው ይመጠዋል፣ ይጠቁራልም። የተቆረጠው ጠርዝ መሐሉ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። ለካርድ መያዣ ከ1.2 እስከ 1.5፣ ለቀበቶ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ምረጡ። የበግ ቆዳ ስለሚለጠጥ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም።

የሳጥኑ ቢላ ደነዝ ነው፤ ቆዳውን እየጎተተ ጠርዙን ያበላሻል። ከተር ከትርፍ ምላጭ ጋር፣ ከዚያም የብረት ማስመሪያ ለብቻ ግዙ። ማስቲሽ በሁለቱም ወገን ስስ አድርጎ፣ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ መቀባት ይበቃል፤ በጣት ሲነኩት መያዙን ሲተው ይጣበቃል። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ መስኮት ይከፈት።

ክረምት ላይ የሐይቁ ዳር እርጥበት ቆዳን ያሻግታል። በፌስታል አትጠቅልሉት፤ በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ ብረቶቹንም ዘይት አስነክታችሁ አስቀምጡ።