ፀሐይን በቀጥታ ወይስ በኤሌክትሪክ በኩል? ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ኬሚካል የመለወጫ ሁለት መንገዶች

በጎጃም ፀሐይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ጠቃሚ ኦርጋኒክ ኬሚካል ለመለወጥ የሚሻ ሰው ሁለት መንገዶች አሉት፤ ብርሃኑን በቀጥታ ካታሊስት (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ቁስ) ላይ ማሳረፍ፣ ወይም በሶላር ፓነል ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ጋዙን በኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ጋዙ በሚያደርስ ማስተላለፊያ) ላይ መለወጥ። ጋዙ ራሱ ለሁለቱም አያስቸግርም፤ ከአረቄ ጥንስስ እንኳ ይወጣል።

የመጀመሪያው መንገድ ዕቃው ጥቂት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. እነ አኪራ ፉጂሺማ በጃፓን፣ ውኃ ውስጥ የተበተነ የሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ) ዱቄት ብርሃን ሲያርፍበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዲሃይድና ሜታኖል እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ዱቄቶች የታወቀው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጠቀመው በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማለትም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ በብርሃን ከተነሡት ኤሌክትሮኖችም አብዛኞቹ ሥራ ሳይሠሩ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። አንድ የሜታኖል ሞለኪውል 6 ኤሌክትሮኖች ስለሚፈልግ ብክነቱ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ዕቃው ይበዛል፤ ነገር ግን የብርሃኑን 20 በመቶ ገደማ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፓነል ገበያ ላይ ይገኛል፣ የመዳብ ኤሌክትሮድም ፕላስቲክ የሚሠራበትን ኤቲሊን ጭምር ይሰጣል። ለጎጃም ደግሞ ሌላ ብልጫ አለው፦ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ሲደምን ዓባይ ስለሚሞላ፣ እንደ ጢስ ዓባይ ካለ ማመንጫ የሚገኝ ኤሌክትሪክ ሥራውን ሊያስቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ሜታኖልን ወይም ኤቲሊንን በብዛት ለማምረት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጋዙን ከሌላ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ጋር አጣምሮ ለመድኃኒት ግብዓት የሚሆን ካርቦክሲሊክ አሲድ (የሆምጣጤ አሲድ የሚገኝበት የአሲዶች ወገን) ለመሥራት ከሆነ ግን ምርጫዬ ይገለበጣል፤ የሚፈለገው መጠን ትንሽ፣ ዋጋው ከፍተኛ ነውና፣ የብርሃን ካታሊስቱም በክፍል ሙቀት በኤልኢዲ መብራት ሊሠራ ስለሚችል ክረምቱ አያግደውም።