ሪንግ ላይት፣ የብርሃን ሳጥን ወይስ ሶፍት ቦክስ? ለዕቃ ፎቶ ምን ልግዛ ለምትሉኝ

ቴሌግራም ላይ ጫማ፣ ቀሚስ ወይም ሽቶ መሸጥ የጀመረ ወዳጄ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ኢንች ሪንግ ላይት ልግዛ?» ብሎ ነው። ለዕቃ ከሆነ አትግዙ። ገንዘብ ማውጣታችሁ ካልቀረ አምፖሉ ተፈትቶ የሚቀየር ሶፍት ቦክስ (አምፖሉን በነጭ ጨርቅ ጋርዶ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ሳጥን) ግዙ፤ ከሱም በፊት መስኮታችሁን ሞክሩት።

ሪንግ ላይት፣ እንደ ቀለበት ክብ የሆነው መብራት፣ የተሠራው ለሰው ፊት ነው። የሚያብለጨልጭ ቆዳ ጫማ፣ የሽቶ ጠርሙስ ወይም ወርቅ ስታነሱበት ክብ መብራቱ ዕቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ዋጋው ደግሞ መያዣ የለውም። መርካቶ ባለ 10 ኢንቹን ከነስታንዱ 2,500 ብር ብለውኝ፣ እዚያው ፎቅ ላይ ጥቂት ሱቆች አልፌ ያንኑ ዕቃ በ1,800 አገኘሁት፤ ካርቶኑም ጽሑፉም ያው ነበር። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ስለዚህ ሦስት አራት ሱቅ ሳትጠይቁ እጃችሁን ወደ ኪስ አትስደዱ።

ከዋጋው በላይ የሚያንገበግበኝ ጥገናው ነው። መጀመሪያ የሚበላሸው ማብሪያ ማጥፊያው ያለበት ገመድ ነው፤ ከዚያ ስልኩን የሚይዘው የፕላስቲክ አንገት ይሰበራል። ውስጡ ያሉት ትንንሽ መብራቶች አንድ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ ግማሹ ሲጠፋ ጠጋኙ «አዲስ ብትገዙ ይሻላል» ብሎ ይመልሳችኋል። የአክስቴ ልጅ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። የገዛችው ሪንግ ላይት ነጩን ሸማ ሰማያዊ፣ ቀዩን ጥለት ቡናማ እያደረገባት ደንበኞች «ፎቶው ላይ ያየነው ይህን አይደለም» እያሉ ቀሚሱን መለሱላት። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ነው የጎዳት።

አስመስሎ የተሠራውን ሪንግ ላይት (ኮፒውን) ለመለየት ካርቶኑን አትመኑ። በተራ የስልክ ዩኤስቢ የሚሠራ ሆኖ «50 ዋት» የሚል ካያችሁ ውሸት ነው፤ 5 ቮልትና 2 አምፔር ሲባዛ 10 ዋት ነው። ሱቅ ስትሄዱ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ። በመብራቱ ሥር አንሱት፣ ከዚያ በር ላይ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን አንሱትና ሁለቱን ፎቶ አስተያዩ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሳችሁ የስልካችሁን ካሜራ ስታቀኑበት ጥቁር መስመሮች ከሮጡ አትውሰዱት፤ መስመሩ ፎቶውም ላይ ይገባል። ሪንግ ላይት አንድ ደግ ነገር ግን አለው፦ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይሠራል።

ተጣጣፊው የብርሃን ሳጥን፣ ዕቃው ውስጡ ተቀምጦ የሚነሳበት፣ ለጆሮ ጌጥና ለቀለበት ይሆናል፣ ሌላ የሚሸጥ ሰው ይለፈው። ባለ 25 ሴንቲ ሜትሩ ውስጥ 42 ቁጥር ጫማ አይገባም፤ ጫማው ወደ 30 ይጠጋል። መተጣጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ የመብራቱ ማጣበቂያም ቶሎ ይለቃል።

ሶፍት ቦክስን የምመርጠው በአንድ ነገር ነው፦ አምፖሉ። ኢ27 የሚባለው፣ እንደ ቤታችን አምፖል የሚጠመዘዝ መያዣ ያለውን ፈልጉ። አምፖሉ ሲቃጠል ሰፈራችሁ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገዝታችሁ ትቀይራላችሁ፤ ቀለሙ ካላማራችሁም እንዲሁ። አንዱ ሶፍት ቦክስ 4,500 ብር አካባቢ ሲጠየቅበት ሰምቻለሁ። ከሪንግ ላይቱ ይወደዳል፣ ግን እሱ ሁለት ጊዜ ተገዝቶ ሁለት ጊዜ ሲጣል ሶፍት ቦክሱ ገና ይሠራል። መብራቱን በጎን አድርጋችሁ ለዕቃው አስጠጉት፣ የክፍሉን አምፖል አጥፉ፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ከተቀላቀለ ቀለሙን ስልኩ አያስተካክለውም። የስታንዱ እግር ቀጭን ስለሆነ ውኃ የሞላ ጀሪካን እሰሩበት።

አሁን ወደ መስኮቱ። ብዙ ቦታ «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ምረጡ» ይባላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ ምክሩ አይሠራም። አቅጣጫውን ተዉትና ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበትን ሰዓት ፈልጉ፤ ካጣችሁ ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱ። የክረምት ደመና ራሱ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። መሀል ከተማ ለምትኖሩ ትልቁ ችግር የጎረቤት ሕንፃ ነው፤ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስታወቱ የሚመልሰው ብርሃን ነጭ ጨርቅ ላይ ያርፋል። እንዲህ ከሆነ ሌላ መስኮት ወይም በረንዳ ፈልጉ።

ከመስኮቱ ተቃራኒ፣ ከአዲስ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፎም አቁሙ፤ በነፃ ነው። ከዕቃው ሥርና ጀርባ አንድ ነጭ ወፍራም ወረቀት ሳታጥፉ ጎበጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ ብዙም ውድ አይደለም። ነጭ ዳራ ፎቶውን የሚያጨልመው ስልኩ ራሱ ብርሃኑን ስለሚቀንስ ነው፤ ዕቃውን ነክታችሁ ብርሃኑን በጣታችሁ ወደ ላይ ከፍ አድርጉት።

ይህ ሁሉ ሆኖ የምታነሱት ማታ ብቻ ከሆነ ሶፍት ቦክሱን ግዙ። ሻጩ «ጥንዱን ካልወሰዳችሁ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ፤ አንዱ ሶፍት ቦክስና ፎሙ ይበቃል። በተረፈው ብር መጠባበቂያ አምፖል ግዙ፤ እሱንም ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ፣ በነጠላው ጥለት ፈትናችሁ ውሰዱት።